የወረርሽኙ ሣጥን አይነካ!

ለመረዳጃ ማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

እንደሚታወቀው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ለውይይት ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከየአባሉ መዋጮ ላይ በወር አምስት አምስት ብር እየተነሣ የተጠራቀመውና ሁላችንም «የወረርሽኝ ሣጥን» የምንለው ገንዘብ ነው። አንዳንድ አባላት ይህ ገንዘብ ወጥቶ አዲስ ድንኳን፣ ወንበርና ትላልቅ ድስት ይገዛበት የሚል ሐሳብ በጽሑፍ ለኮሚቴው አቅርበዋል። ማቅረብ መብታቸው ነው፤ ጽሑፋቸውም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከጎን ተለጥፏልና አንብቡት። እኔ ደግሞ እንደ ጸሐፊነቴ ሳይሆን እንደ አንድ መዋጮ ከፋይ አባል የምቃወምበትን ምክንያት አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ረዘመ ብላችሁ አትለፉት። ቆማችሁ ማንበብ ከደከማችሁ ፊደል የቆጠረ ልጅ ጥሩና አስነብቡት።

ድንኳናችን እንዳረጀ አላጣሁትም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ላይ ሲያፈስ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ከድንኳኑ በስተኋላ የቆመ ሌላ ክርክር አለ። ኮሮና የመጣ ጊዜ ተጀምሮ እስከ ዛሬ በየሻይ ቤቱ፣ በየበርጫው፣ በመስጊድ ደጅና በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚካሄድ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን «ኮሮና የከተማ ሰው ወሬ ነበር፤ መዘጋቱም ከንቱ ነበር፤ በሽታ ሁልጊዜም ነበረ፣ አብረነው እንኖራለን፤ ሁለተኛ ማንም ቤት ግቡ ቢለን አንሰማም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሕዝቡ አይሰማም እንጂ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ነበረበት፤ ለወደፊቱም መድኃኒቱ መዝጋት ነው፤ ትእዛዙ ከበላይ ስለሚመጣ የመንደር ሣጥን ምን ያደርጋል» ይላል። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች በሁሉ ነገር ተጣልተው በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ እሱም ሣጥኑ ይከፈት በሚለው ነው! እኔ የምለው ሁለቱም ተሳስተዋል ነው።

የሆነው ምን ነበር?

ሰው ይረሳል። ስለዚህ የሆነውን በቀኑ እናስቀምጠው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ 26 ሚሊዮን የሚሆን ተማሪ ቤቱ ዋለ። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ታዘዘ፤ መጨባበጥ ቀረ፤ አፍና አፍንጫ መሸፈን ግዴታ ሆነ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተደነገገ። ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የምንሰማው የኮሮና ማስጠንቀቂያ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ኢድ አልፈጥር ግንቦት 16 ቀን ሲውሉ ክርስቲያኑም እስላሙም በዓሉን በየቤቱ ነው ያሳለፈው።

አዋጁ ጊዜው ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ። የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባት መስጠት ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን አስታወቁ፤ በሽታው ጠፋ ግን አላሉም። እስከዚያ ድረስ በአገራችን በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በሽተኛ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ በኮሮና ሞተ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ከ7,500 በላይ ነበር። ነገሩ ይህ ነው። አሁን ወደ ሙግቱ እንግባ።

«ሙሉ በሙሉ መዘጋት ነበረበት» ለሚሉት

ወንድሞቼ፣ ሙሉ በሙሉ መዝጋት የሚባለውን ነገር አገራችን ያላደረገችው ስላላወቀች አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2012 ዓ.ም. ምክንያቱን ተናግረዋል፤ ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ አለ፣ ቤት ያለውም ቢሆን የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ወጥቶ የሚያገኝ ነው፣ ስለዚህ እንደ ሀብታም አገር መዝጋት አንችልም ነው የተባለው። ይህ አነጋገር ልክ ነበር። ሌላ ሌላውን ብንከራከርም በዚህ ላይ አንከራከር።

ምክንያቱም «ቤት ይቆዩ» የሚለው ቃል ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የወር ደመወዝተኛ ቤቱ ተቀምጦ ደመወዙ መጣለት፤ አይምጣለት አልልም፣ ይምጣለት። ነገር ግን የኛን መንደር እንመልከት። ዋሻውን ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ሲቀር አስጎብኚው ልጅ ምን ይብላ? የዝያራ እንግዳ ሲቀር ሻይና ቂጣ የምትሸጠዋ እናት ምን ትሽጥ? ተሸካሚው፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ የጫት አመላላሹ ማን ደመወዝ ቆረጠለት? ወደ ጎሮ፣ ወደ ጊኒር፣ ወደ ሮቤ የሚሄደው መኪና በግማሽ ጫነ፤ ታሪፉ ደግሞ እጥፍ ሆነ። አስቡት፤ የባዶውን ወንበር ሒሳብ የከፈለው ከጎኑ የተቀመጠው ድሀ ነው። ታማሚ ይዞ ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ለራሱ፣ ለታማሚውና ለሁለት ባዶ ወንበር ከፈለ ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ የዘጉትንም እንይ። ሕንድ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ላይ በ4 ሰዓት ማስጠንቀቂያ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ቤት አስገባች። ታዲያ በየከተማው የቀን ሥራ የሚሠራው ሰው ሥራም ቤትም አጣና ልጁን ተሸክሞ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ ወደ አገሩ ተጓዘ፤ በመንገድ ላይ ያለቀውም አለ። ቤት ግባ ሲባል መንገድ ወጣ! ኡጋንዳ ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዘግታ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያ ትውልድ የጠፋበትን ሁለት ዓመት ከየት ያመጣዋል?

እኛ ጋ የተዘጋው ለሰባት ወር ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ የሌለው፣ መብራት የሌለው ቤትስ? ከመንደራችን ፍየል ጥበቃ ገብቶ በዚያው የቀረ ልጅ እንዳለ ወላጆች ታውቃላችሁ። ልጃገረዶችም አሉ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስሟ ተጠርቶ «ተድራለች» የተባለች ልጅ ኮሮና አልያዛትም፤ ነገር ግን ወረርሽኙ የወሰዳት እሷንም ነው። መዘጋት ነጻ ነገር አይደለም፤ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው አይደለም።

ይህን ነገር ከኛ በላይ የሚያውቅ መንደር ሊኖር አይገባም። መንደራችን የተጠራችው ዋሻ ውስጥ ተለይተው ለዒባዳ በኖሩ በሼህ ሶፍ ዑመር ስም ነው። ኸልዋ የገባ ሰው ሁልጊዜ ምግቡን የሚያመላልስለት ደረሳ አለው። ኸልዋው የሚጸናው ቂጣና ውሃ ይዞ የሚመላለስ እግር ስላለ ነው። እንግዲህ ሰውን ቤት ግባ የሚል ሁሉ መጀመሪያ «ቂጣውን የሚያመጣው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ያለ እህል በር መዝጋት ጥንቃቄ ሳይሆን ቅጣት ነው። ሣጥኑም የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

«ኮሮና ወሬ ነበር፤ አብረነው እንኖራለን» ለሚሉት

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ደስ ብሏችሁ ስታነቡ የቆያችሁ ካላችሁ ደስታችሁን እዚህ ላይ አቁሙት።

7,500 ሰው ወሬ አይደለም። የተቆጠረውም ምርመራ ያገኘው ብቻ ነው። ከሆስፒታል ርቆ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ «ብርድ መታው» ተብሎ የተቀበረውን ማን ቆጠረው? በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ የማኅበራችን ጥሩንባ ስንት ጊዜ እንደተነፋ ከመዝገቡ ላይ ያየ ሰው ወሬ ነበር ለማለት አፉ አይታዘዘውም።

«መዘጋቱ ከንቱ ነበር» የሚለውም ልክ አይደለም። በሽታው የገባ ጊዜ ክትባት አልነበረም። በሽታው አገራችን ከመግባቱ በፊት የተጠረጠረ ሰው ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እዚሁ መመርመር ተጀምሮ ላቦራቶሪዎች በየክልሉ የተስፋፉት፤ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና የተለየው፣ የሚሌኒየም አዳራሽ እንኳ አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ማዕከል የሆነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥንቃቄ ፋታ ሰጠ። እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ ልጅን ደጅ ላይ «እንደምን አመሹ» እያስባልክ ውስጥ ቤቱን እንደምታስተካክለው ማለት ነው። ጥያቄው ፋታ ማግኘቱ ላይ ሳይሆን በፋታው ምን ሠራህበት የሚለው ላይ ነው።

«አብረነው እንኖራለን» ማለትስ ምን ማለት ነው? ታንዛኒያ ይህን ቃል እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ በ2012 ዓ.ም. የበሽተኛ ቁጥር መናገር አስቆሙ፤ አገሪቱ በጸሎት ከኮሮና ነጻ ወጣች አሉ፤ ክትባትም አንፈልግም ተባለ። ቁጥር ሲቆም ሞት የቆመ መሰላቸው። ማጉፉሊ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሞቱ፤ መንግሥታቸው የልብ ሕመም ነው ብሏል፣ እኛም ሌላ አንልም። ነገር ግን የተተኩት ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በሕዝብ ፊት ቆመው ተከተቡ። አብሮ መኖር ማለት ዓይን መጨፈን አለመሆኑን ያሳዩት እዚያው አገር ሰዎች ናቸው።

የተማሩት ልጆቻችን ደግሞ ስዊድንን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ስዊድን የታናናሽ ልጆችን ትምህርት ቤት አልዘጋችም፤ ሰውንም ቤት ግባ ብላ አላስገደደችም። በመጀመሪያው ዓመት ግን ከጎረቤቶቿ ከኖርዌይና ከፊንላንድ በጣም የበለጠ ሰው ሞተባት፤ በተለይ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት። ንጉሡ ራሳቸው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አልተሳካልንም ብለው ተናገሩ። በኋላ በተሠራው ሒሳብ ደግሞ ዓመታቱ ተደምረው ሲታዩ ስዊድን ከአውሮፓ ዝቅተኛ ሞት ካሳዩት አገሮች አንዷ ሆነች። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ስዊድንን ለየራሱ ይጎትታታል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በስዊድን የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ሲቀመጥ ክፍያ ያገኛል፤ ብዙው ሰውም ለብቻው በሰፊ ቤት ይኖራል። የኛ ሰው ሰባት ሆኖ በአንድ ክፍል ነው የሚያድረው። የስዊድንን ነጻነት የፈለገ የስዊድንንም ሣጥን ይፈልግ! እነሱ የተማመኑት በሣጥናቸው ነው።

በሌላው ጫፍ ቻይና አለች። ሦስት ዓመት ሊሞላ እስኪል ከተማ ሙሉ ስትዘጋ ቆየችና ሕዝቡ ሲማረር በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ጊዜ በሩን በረገደችው። ከሽማግሌዎቿ ብዙዎቹ ክትባታቸውን አላሟሉም ነበርና በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚህ ምን እንማራለን? መዝጋትም መክፈትም ያለ ዝግጅት ያው ነው። የሚያድነው በመሐል የተሠራው ሥራ ነው።

በሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ሌላው ስሕተት «ወረርሽኝ» ሲባል ኮሮናን ብቻ ማሰብ ነው። «ኮሮና አልፏል፣ ሣጥኑም ሥራውን ጨርሷል» ይላሉ። እስቲ ከኮሮና በኋላ የመጣውን እንቁጠር።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኮሌራ የጀመረው የት ነው? ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ ባሌ፣ ሐረና ቡሉቅ ነው፤ ወዲያው በርበሬ ወረዳ ገባ። ከዚያም ወደ ሌሎች ዞኖችና ክልሎች ተዛምቶ ከዓመት በላይ አገር አዳረሰ። ለኮሌራ ማስክ ምን ያደርጋል? በር ቢዘጋስ? ቤቱ ውስጥ ያለው እንስራ ከተበከለ በሩን የዘጋው ሰው ከበሽታው ጋር ተቆልፎ ነው የሚያድር። የኮሌራ መድኃኒቱ የታከመ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና ሳሙና፣ ለታመመው ደግሞ ሳይዘገይ የሚሰጥ ኦ.አር.ኤስ. ነው። እኛ የዌይብን ውሃ የምንጠጣ ነን፤ በዝያራ ቀን የሚመጣው እንግዳም ከዚያው ይጠጣል፣ ከዚያው ዳር ይጸዳዳል። ይህን ለማስተካከል አዋጅ አያስፈልግም። ሮቶ፣ ውሃ አጋርና የተቆፈረ ጉድጓድ ነው የሚያስፈልገው፤ እነዚህ ደግሞ በብር ይገዛሉ።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መግባቱ ተረጋገጠ። ይህ በሽታ «አብረነው እንኖራለን» የሚባልበት ዓይነት አይደለም፤ ከያዘው ሰው ብዙውን ይገድላል፤ የተመሰከረለት ክትባትም የለውም። በደምና በሰውነት ፈሳሽ፣ አስታማሚና አጣቢ ላይ ነው የሚጋባው። ለዚህ በሽታ አገር መዝጋት አያስፈልግም፤ ከታማሚው ጋር የተነካኩትን ሰዎች አንድ በአንድ ለይቶ 21 ቀን መከታተል ነው። ልብ በሉ፤ 21 ቀን! አንድ አባወራ 21 ቀን ሥራ አትውጣ ቢባል ፍየሉን ማን ያሰማራለታል? ቤቱን ማን ያበላለታል? የሚያበላለት ከሌለ በሌሊት ሹልክ ብሎ ይሄዳል፤ እኛም አንፈርድበትም፤ በሽታው ግን አብሮት ይሄዳል።

ደግሞም ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ይህ ቫይረስ መኖሪያው በዋሻ የሚያድሩ ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፎች ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. ኡጋንዳ ውስጥ ፓይተን የሚባል የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ የጎበኘች አንዲት ሆላንዳዊት አገሯ ገብታ በዚሁ በሽታ ሞታለች። በኛ ዋሻ በሽታ አለ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ወሬ ከዚህ ወረቀት አነበብኩ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢኖር ውሸታም ነው። የምለው ይህን ነው፤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የተለካ ዋሻ ደጃችን አለ፤ የሌሊት ወፍም አለበት፤ ልጆቻችን በውስጡ እንግዳ እየመሩ እንጀራ ይበላሉ። ስለ ወረርሽኝ ሌላው መንደር ቢተኛ እኛ ልንተኛ አይገባም።

አባቶቻችንም ይህን ዓይነት ልዩነት ያውቁ ነበር። በሽታ ወዳለበት አገር አትግባ፣ ካለበትም አገር ሸሽተህ አትውጣ የሚለውን የነቢዩን ትምህርት ሼኾቻችን ሁልጊዜ ይነግሩናል። ክርስቲያን ወንድሞቻችን ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ያቃጥላሉ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ጉንፋን አዲስ አበባ ገብቶ 10,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። ያ ሁሉ ሰው ሞቶ ለኛ የደረሰን የአንድ ቀን ጭስ ነው። እንግዲህ እኛ ለልጆቻችን ምን እናቆይ? የነሱ ትዝታ ጭስ ሆነ፤ የኛ ደግሞ ድንኳንና ድስት ሊሆን ነው?

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚሉት

ልክ ነው፤ ክትባት ማምጣት፣ ሐኪም መቅጠር፣ ላቦራቶሪ መክፈት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህን አንሠራም፣ አንችልምም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. «ማዕድ ማጋራት» ሲባል የማንን ማዕድ ነበር የምናጋራው? የጎረቤትን ነው። ጎረቤት ደግሞ በዚያ ወቅት ራሱ የጎደለበት ነበር። መንደር ሁሉ በአንድ ቀን ሲቸገር ልመናም አይሠራም፤ የሚሠራው በደህና ቀን የተቀመጠ ነው። እህል ጎተራ የሚገባው በአዝመራ ጊዜ ነው፤ በክረምት ጎተራ የሚሠራ ገበሬ አላየሁም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ተቃውሞ ብቻ ይዞ መቅረብ ቀላል ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ሣጥኑ እንዳለ ይቆይ፤ ወርሃዊውም አምስት ብር ይቀጥል። ከሣጥኑ ገንዘብ የሚወጣው በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና ከሴቶች በተመረጠች አንዲት አባል በሦስቱ ፊርማ ብቻ ይሁን። ገቢና ወጪውም በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ለ/ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ቤቱ እንዲቀመጥ የተነገረው አባል፣ ሀብታም ድሀ ሳይባል፣ የተቀመጠበት ቀን ተቆጥሮ ለቤተሰቡ እህልና ዘይት ከሣጥኑ ይሰጠው፤ ከብቱንም ተራ የደረሳቸው አባላት ያሰማሩለት። እህሉ ደጁ ላይ ሳይደርስ ማንም አባል ሄዶ «ለምን ወጣህ» እንዳይለው።

ሐ/ ከሣጥኑ ሲሶው አሁኑኑ ለውሃ ይዋል፤ በዝያራ መግቢያና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቧንቧ ያለው ሮቶ ይቀመጥ፣ ሳሙና አይጥፋበት፣ ለእንግዶችም ከወንዙ የራቀ መጸዳጃ ይቆፈር።

መ/ ወደፊት ነገር የሚዘጋበት ቀን ቢመጣ፣ ለኛ በተተወው ነገር ላይ ትምህርት ቤት መጨረሻ የሚዘጋ፣ መጀመሪያ የሚከፈት ይሁን። ከተዘጋም አንብበው የሚያስነብቡ ልጆች በየጥላው ሥር አራት አራት እየሆኑ ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፤ የልጃገረድ ጋብቻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢታሰብ ማኅበሩ ድንኳንም ዕቃም እንዳያውስ።

ሠ/ ለቅሶና ጀናዛ አይቀርም፤ ሰው ሰውን መቅበሩ አይቀርም። ነገር ግን የሚጋባ በሽታ ባለበት ወቅት አስከሬን ማጠብም ሆነ መገነዝ የጤና ባለሙያ በሚያሳየው መንገድ ብቻ ይሁን፤ ለቀስተኛውም በተራ እየገባ እየወጣ ያስተዛዝን። አንድ ቀን መቶ ሰው ታጭቆ ከሚቀመጥ፣ አሥር ቀን አሥር አሥር ሰው ቢመጣ ሐዘንተኛው ይበልጥ ይጽናናል።

ረ/ ስለ ድንኳኑ፤ ድንኳን ያስፈልገናል። ከምርት በኋላ ለድንኳን ብቻ የሚሆን አንድ ጊዜ ተዋጥቶ የሚያበቃ መዋጮ ይጠራ። እኔ የመጀመሪያው ከፋይ እሆናለሁ። ዕቃና ሕይወት ግን ከአንድ ሣጥን አይውጡ።

በመጨረሻም፤ ወንዛችን ሲሞላ ማንም አስጎብኚ ዋሻ አይገባም። የሚያስገባም ጉበኛ ቢመጣ፣ እጥፍ እከፍላለሁ ቢል አይገባም፤ ጀግንነት ነውና ልግባ የሚል ልጅ ቢኖር ታላቆቹ በጆሮው ይመልሱታል። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ዳር ቆሞ «ውሃ ያስፈራል» እያለ የሚውል የለም፤ ዱላውን ይዞ፣ ጥልቀቱን እየለካ፣ እንግዳውን እጁን ይዞ ያሻግረዋል። ሁልጊዜ ዝጋ የሚል ሰው ወንዙ መጉደሉን አላየም፤ ሁልጊዜ ግባ የሚልም መሙላቱን አላየም። የኛ ሰው ሁለቱንም ያውቃል፤ ያለ ዱላ ግን አይሻገርም። ሣጥኑ ዱላችን ነው። ዱላውን ሽጠን ድስት አንገዛም።

ስለዚህ በስብሰባው ቀን ማንም አባል እንዳይቀር። «እነሱ ይወስኑ» ብሎ ቤቱ የሚውል ሰው በኋላ ለማማረር መብት የለውም። እናቶችም ልጅ አስይዛችሁ ኑ፤ በ2012 ዓ.ም. ጓዳ ሲጎድል ያያችሁት እናንተ ናችሁና ድምፃችሁ ያስፈልጋል። የምትቃወሙኝም ተቃውሟችሁን ጽፋችሁ አምጡ፤ በእጄ እለጥፈዋለሁ። ወረቀት መቅደድ ግን የተሸነፈ ሰው ሥራ ነው።

ሣጥኑ አይነካ!

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ
ሶፍ ዑመር